ከጣት ጫፍ ላይ ጭንቀትን መለካት፦ አርኤምኤስኤስዲ አንዱ ላይ ወርዶ ሌላው ላይ ለምን ይወጣል?

ጥያቄ፦ ማክስ30102 የተባለ የትርታ ሴንሰርና ኢኤስፒ32 የተባለ ማይክሮኮንትሮለር ተጠቅሜ የአእምሮ ጭንቀትን ከጣት ትርታ ለመለካት የመመረቂያ ፕሮጀክት እየሠራሁ ነው። 20 ተማሪዎችን 5 ደቂቃ አሳርፌ፣ ቀጥሎ 5 ደቂቃ ከ1022 ላይ 13 እየቀነሱ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደረግሁ። የልብ ምታቸው ይጨምራል፤ አርኤምኤስኤስዲ (በምቶች መካከል ያለው ክፍተት ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ቁጥር) ግን ግማሾቹ ላይ ይወርዳል፣ ግማሾቹ ላይ ይወጣል። ኤልኤፍ/ኤችኤፍ (የልብ ምት ዝግተኛው መዋዠቅ ለፈጣኑ ሲካፈል) ደግሞ ምንም ትርጉም አልሰጠኝም። ጭንቀትን ከዕረፍት እንዲለይ ያሠለጠንኩት ሞዴል 97 በመቶ ትክክል ነው ይላል፤ አዲስ ሰው ላይ ስሞክረው ግን 55 በመቶ ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? በመጨረሻስ እንደ ስማርት ሰዓቶቹ አንድ የጭንቀት ቁጥር ማውጣት እችላለሁ?

ምላሽ፦

ሞዴሉን ለጊዜው ይተዉት። ችግሩ ያለው ከሱ በፊት ነው፦ ሴንሰሩ ጊዜን በሚቆጥርበት መንገድ፣ ተማሪዎቹ ድምፅ አውጥተው በመቁጠራቸው፣ እና ዳታው ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ በተከፈለበት አኳኋን። የመጀመሪያው በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሴንሰሩ የሚያየውን ነገር እናስቀድም። ኤልኢዲው ወደ ቆዳ ብርሃን ይልካል፤ ፎቶዳዮዱ ተመልሶ የመጣውን ይቀበላል። ልብ በተኮማተረ ቁጥር ጣት ውስጥ የሚገባው ደም ብርሃኑን ስለሚውጥ የሚመለሰው ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል። በዚህ ብርሃን ውስጥ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም። ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትርታዎቹ በየስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመጡ፣ እና እያንዳንዱ ትርታ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ። ክፍተቶቹን በዋናነት የሚያዛቸው የቬገስ ነርቭ ነው፤ ሰውየው ሲወጠር ቬገስ ፍሬኑን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ አንዱ ክፍተት ከሚቀጥለው ክፍተት የሚለይበት መጠንም ይጠባል። የትርታውን መጠን በብዛት የሚወስነው ደግሞ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው፤ የጣት ደም ስሮችን ያጠባቸዋል፣ ሞገዱም ያንሳል። እርስዎ እስካሁን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የተጠቀሙት። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን እያበላሸብዎት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ከሴንሰሩ አቀማመጥ እንጀምር። ማክስ30102 ላይ ‘የልብ ምት’ የሚባለው የአሠራር ሁነታ ቀዩን ኤልኢዲ ብቻ ነው የሚያበራው። በጤነኛ ሰው ጣት ላይ የቀይ ብርሃን ትርታ ከኢንፍራሬዱ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ባለ ብዙ ኤልኢዲ የሚባለውን ሁነታ መርጠው የመጀመሪያውን ቦታ ለኢንፍራሬድ ይስጡት፤ ወይም ሁለቱንም አብርተው ኢንፍራሬዱን ብቻ ይጠቀሙ። የናሙናውን ፍጥነት 400፣ አማካዩን 4፣ የብርሃኑን ምት ርዝመት 411 ማይክሮሰከንድ ያድርጉት፤ በሰከንድ 100 ንባብ ይደርስዎታል። በቀጥታ 100 ከማንበብ ይህ ይሻላል። ምክንያቱ የክፍሉ መብራት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርትዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሴንሰሩ በስም 100 ተብሎ በእውነቱ 98.7 ቢያነብ፣ ከመብራቱ የሚያመልጠው ርግብግብታ 1.3 ሄርትዝ ላይ ይቀመጣል፤ ይህም በደቂቃ 78 ነው፣ ቁርጥ የልብ ምት የሚመስል። አራት ንባብ ሲደመር አንድ ሙሉ የመብራት ዙር ስለሚሸፍን አብዛኛው ይጠፋል። ቺፑ የውጭ ብርሃን የሚቀንስበት የራሱ ዘዴ ቢኖረውም ጣቱንና ሴንሰሩን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን አይቅር።

የኤልኢዲውን ጅረት የሚያስተካክሉት ጥሬውን ቁጥር እያዩ ነው። ቺፑ 18 ቢት ስለሆነ ጣራው 262143 ነው። ንባቡ እዚያ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሞልቶ ፈስሷል ማለት ነውና ጅረቱን ይቀንሱ። ከ100000 እስከ 200000 መካከል ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሞገዱ የተገለበጠ መሆኑንም አይርሱ፤ ደም ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል። በ-1 ሳያባዙ ከፍታ የሚፈልግ ኮድ ከሰጡት የሚያገኘው የትርታውን ግርጌ ይሆናል። የልብ ምት ቁጥሩ ትክክል ስለሚመጣ ስህተቱ ሳይታወቅ ይከርማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጊዜ አቆጣጠር።

ከሴንሰሩ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ጋር የሚመጣው የልብ ምት መቁጠሪያ ምሳሌ ኮድ ትርታ ባየ ቁጥር የማይክሮኮንትሮለሩን ሰዓት አንብቦ ክፍተቱን ያሰላል። በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ ለማወቅ ይበቃል። ለአርኤምኤስኤስዲ ግን አይበቃም። ንባቦቹ 32 ቦታ ባለው የቺፑ ማቆያ ውስጥ ተጠራቅመው በጅምላ ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ በተለያየ ጊዜ የተለኩ አምስት ስድስት ንባቦች አንድ ዓይነት ሰዓት ይለጠፍባቸዋል። ትንሿ ስክሪን ላይ ግራፍ የሚስሉ ከሆነ ደግሞ ባሰ። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት ወደ ኮምፒውተር የሚልኩ ከሆነም ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ያልፋል። የቀይና የኢንፍራሬድ ቁጥር ከኮማውና ከመስመር መዝጊያው ጋር 15 ፊደል ቢሆን በሰከንድ 64 መስመር ነው። 100 እየገባ 64 ሲወጣ ማቆያው ሞልቶ ንባብ ይጥላል። 115200 ያድርጉት፤ እዚያው ላይ ምንም ስሌት አይሥሩ፤ ጥሬውን ንባብ ከተራ ቁጥሩ ጋር ብቻ ይላኩ።

ጊዜን በተራ ቁጥር ሲቆጥሩ የቺፑን ትክክለኛ ፍጥነት ማወቅ አለብዎት። የውስጥ ሰዓቱ ያን ያህል የታመነ አይደለም። 10 ደቂቃ ያስነብቡትና የንባቦቹን ብዛት ለ600 ያካፍሉ። 98 ከመጣ 98 ብለው ይጠቀሙ፤ 100 ብለው ከያዙት እያንዳንዱ ክፍተት 2 በመቶ ይዛባል። እያንዳንዱን ሴንሰር ለየብቻ ይለኩ፤ ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ሞጁሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

የንባብ ፍጥነት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በሰከንድ 25 ቢያነቡ በሁለት ንባቦች መካከል 40 ሚሊሰከንድ አለ። የትርታው ጫፍ በዚያ መካከል የትም ሊወድቅ ስለሚችል የአንዱ ጫፍ ስህተት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 40 ሲካፈል ለስኩዌር ሩት 12 ነው፤ ይህም 11.5 ሚሊሰከንድ ነው። አርኤምኤስኤስዲ የተከታታይ ክፍተቶችን ልዩነት ስለሚወስድ ሦስት ጫፎች ይገቡበታል፤ የመካከለኛው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስህተቱ በስኩዌር ሩት 6 ተባዝቶ 28 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። የሰውየው እውነተኛ አርኤምኤስኤስዲ 30 ከሆነ እርስዎ የሚያዩት 41 ነው። በሰከንድ 100 ሲያነቡ ያው ስህተት 7 ሚሊሰከንድ ብቻ ይሆንና 30ው 30.8 ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ በጫፉ ዙሪያ ባሉ ሦስት ንባቦች ፓራቦላ ቢያሳልፉ፣ ወይም ሞገዱን በኪዩቢክ ስፕላይን ወደ 1000 ከፍ ቢያደርጉት የቀረውም ይሳሳል።

ይህ ስሌት ግን ንጹሕ ሞገድ እንዳለ አድርጎ የሚያስብ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ያለው እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ሲጨነቅ የጣቱ ደም ስር ይጠባል፤ ሞገዱ ያንሳል፤ የሴንሰሩ ጩኸት (ከትርታው ጋር የሚደባለቀው የማይፈለግ መዋዠቅ) ግን ባለበት ይቀራል። ያነሰ ሞገድ ጫፉ የተድበሰበሰ ስለሚሆን ኮዱ ጫፉን አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይይዘዋል። ያ መንቀጥቀጥ አርኤምኤስኤስዲን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የቬገስ መቀነስ ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። እጁ ሞቆ ሞገዱ ትልቅ የሆነው ተማሪ ላይ እውነተኛው መውረድ ያሸንፋል፤ እጁ በቀዘቀዘው ላይ ስህተቱ ያሸንፋል። ግማሽ በግማሽ የሆነብዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ተማሪ የሞገድ መጠን ከአርኤምኤስኤስዲ ለውጡ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። አርኤምኤስኤስዲ የወጣባቸው ትንሽ ሞገድ ያላቸው ሆነው ከተገኙ ነገሩ አለቀ።

መድኃኒቱ የጫፉን ቦታ መተው ነው። የሞገዱ ጫፍ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ በጊዜ ረገድ ደካማ ምልክት ነው። ሞገዱ ሽቅብ ሲወጣ በጣም ቀጥ የሚልበትን ነጥብ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ ከፍ የሚልበትን ይውሰዱ። ከዚያ በፊት ከ0.5 እስከ 8 ሄርትዝ በሚያሳልፍ በተርወርዝ ፊልተር ያጣሩ፤ ፊልተሩ ወደፊትም ወደኋላም የሚያልፍ ይሁን፣ አለበለዚያ ሞገዱን በጊዜ ይገፋዋል። ትርታዎቹን ለማግኘት ኤልጌንዲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው በሁለት ተንሸራታች አማካይ የሚሠራ ዘዴ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ አንዱ መስኮት 111 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው 667 ሚሊሰከንድ ነው። ዲፕ ለርኒንግ አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ የተሳሳቱ ትርታዎችን ማጽዳት። አንድ ትርታ ቢያመልጥ ምን እንደሚሆን ቁጥሩ ራሱ ይናገር። በደቂቃ 70 የሚመታ ልብ በ5 ደቂቃ 350 ምት አለው፤ አማካይ ክፍተቱ 857 ሚሊሰከንድ ነው። አንዱ ትርታ ካመለጠ 1714 የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል፤ ወደ እሱ ሲገባም ከእሱ ሲወጣም የ857 ልዩነት ይመዘገባል። የሌሎቹ አርኤምኤስኤስዲ 30 ቢሆን ጠቅላላው 71 አካባቢ ይሆናል። አንድ ትርታ ብቻ! ተማሪው አንዴ ስላሳለ ወይም ጣቱን ስለነቀነቀ ‘ዘና ብሏል’ የሚል ውጤት ያገኛሉ ማለት ነው። ቀድሞ የሚመጣ የልብ ምት፣ ጤነኛ ሰዎችም ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው፣ ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል፤ ያ ደግሞ ሴንሰሩ በትክክል ያየው ነገር ስለሆነ በፊልተር አይጠፋም።

ስለዚህ ከ300 በታች ወይም ከ2000 ሚሊሰከንድ በላይ የሆነውን ክፍተት ይጣሉ፤ በዙሪያው ካሉት ክፍተቶች ሚዲያን (መካከለኛ ዋጋ) ከ20 በመቶ በላይ የራቀውንም እንዲሁ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ፤ መጥፎውን ክፍተት አውጥተው ግራና ቀኙን ያገጣጥሙታል። ከዚያ በፊት ያልነበረ ልዩነት ይፈጠራል። ክፍተቱ በወጣበት ቦታ ሰንሰለቱ ይበጠስ፤ ልዩነት የሚሰላው በእውነት ተከታታይ በሆኑ ሁለት ክፍተቶች መካከል ብቻ ነው። ከ10 በመቶ በላይ የተጣለበትን መስኮት ሙሉውን ይተዉት።

ጣቱ ራሱስ? አመልካች ጣት ወይም የመሃል ጣት ይሁን፤ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ከፍታ ይረፍ። ጣቱን በላስቲክ ጠብቆ ማሰር ወይም በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ቀላል ቢመስልም ሞገዱን ያበላሻል። ጣቱ ላይ ያለውን ምልክት ይመልከቱ፦ ሴንሰሩ ያረፈበት ሥጋ ሲነሳ ነጣ ብሎ ክብ ምልክት ከያዘ በጣም ተጭኖታል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የትርታው ቁልቁለት ላይ የምትታየው ትንሽ ስርጉድ ጠፍታ ሞገዱ ድፍን ጉብታ ይሆናል። በጣም ከላላ በተቃራኒው ሞገዱ በየትንፋሹ ሽቅብ ቁልቁል ይዋኛል። አንድ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቬልክሮ፣ ጣቱ ሲገባ የሚነካ ግን የማይቆነጥጥ፣ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ሂና የተቀባ ጣት ካለ ያልተቀባውን ይምረጡ።

ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ነገር ልበል፤ ለእኛ ጉዳዩ ቀጥተኛ ስለሆነ። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩ ሰዓቶች አረንጓዴ ብርሃን፣ 530 ናኖሜትር አካባቢ፣ ነው የሚጠቀሙት። ሜላኒን አረንጓዴውን ከኢንፍራሬዱ ይበልጥ ይውጠዋል፤ ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ ለአንጓ ሰዓት የሚደርሰው ሞገድ ያንሳል። የጣት ሆድ ግን ሜላኒኑ ትንሽ ነው፤ ኢንፍራሬዱም ብዙ አይነካውም። ጣትን በመምረጥዎ ይህን ችግር በአብዛኛው አምልጠዋል። ሲምፓቴቲክ ነርቭ የደም ስርን ሲያጠብ በደንብ የሚታየውም ጣት ላይ ነው፤ ግንባር ላይ በጣም ያነሰ ነው።

ብርድ ግን ጠላት ነው። በክረምት ጠዋት ከውጭ የገባ ተማሪ ጣቱ ቀዝቅዞ ሞገዱ ገና ሳይጨነቅ ያነሰ ይሆናል። የኢንፍራሬዱን የትርታ ከፍታ ለአማካይ ንባቡ አካፍለው በ100 ያባዙት። ከ0.5 በታች ከሆነ አይጀምሩ። እጁን ለብ ባለ ውሃ ያስታጥቡት፣ ያድርቁት፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሻይ አፍልቶ ብርጭቆውን ማስያዝም ይሠራል፤ እንዳይጠጣው እንጂ። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራና ጫት የልብ ምትንም የደም ስርንም ስለሚነኩ በዕለቱ የወሰደውን ከነሰዓቱ ይመዝግቡ። የአስም መንፊያና የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ። ሰዓቱን ሲመዘግቡ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ይያዙ፤ ቅጹ ላይ ‘3 ሰዓት’ ተጽፎ ፋይሉ 09፡00 ሲል የማን መለኪያ የማን እንደሆነ ማገናኘት ያስቸግራል።

አሁን ሁለተኛው ጥፋት፣ ጮክ ብሎ መቁጠር። ከ1022 ላይ 13 መቀነስ በጀርመን ትሪር ዩኒቨርሲቲ ኪርሽባውም፣ ፒርከና ሄልሃመር እ.ኤ.አ. በ1993 ካወጡት የታወቀ የማኅበራዊ ጭንቀት ፈተና የተወሰደ ነው። እነሱ ግን ሥራውን የሠሩት በዋናነት ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለማየት ነበር፤ ኮርቲሶል ደግሞ በንግግር አይዛባም። የልብ ምት ልዩነት ይዛባል። ሰው ሲናገር በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ከዚያ በረጅሙ ያወጣል፣ ቁጥር ሲጠፋበት ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ልብ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ የትንፋሽ ቅርጽ ሲለወጥ አርኤምኤስኤስዲ ከጭንቀት ጋር ምንም ሳይነካካ ይለወጣል። ሁለተኛው የግማሽ በግማሽ ምክንያት ይህ ነው።

የኤልኤፍ/ኤችኤፍም ነገር እዚሁ ያልቃል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት መመሪያ ኤልኤፍ ከ0.04 እስከ 0.15፣ ኤችኤፍ ከ0.15 እስከ 0.4 ሄርትዝ ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ 0.25 ላይ ስለሆነ ኤችኤፍ ውስጥ ይወድቃል። ተረጋግቶ በደቂቃ 8 ጊዜ የሚተነፍሰው ግን 0.13 ላይ ነውና የቬገስ ሥራው በሙሉ ኤልኤፍ ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ‘ኤልኤፍ/ኤችኤፍ ከፍ ብሏል፣ ተጨንቋል’ ይላል፤ ሰውየው ግን ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተረጋጋው ነው። ኤልኤፍ የሲምፓቴቲክ መለኪያ ነው የሚለው አባባልም ራሱ ብዙ ተተችቷል። ትንፋሽን ካልለኩ ይህን ቁጥር ከሪፖርቱ ያውጡት፤ አማካሪ መምህርዎ ቢጠይቁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ፈተናውን እንዲህ ያስተካክሉት። ተማሪው ገብቶ ይቀመጥ፤ ሴንሰሩ ይታሰርለት፤ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ይጣሉ። የመጣ ሰው ‘ምን ሊያደርጉኝ ነው’ ብሎ ስለሚያስብ የመጀመሪያው ዕረፍት ዕረፍት አይደለም። ከዚያ 5 ደቂቃ ማነጻጸሪያ ሥራ፦ ስክሪን ላይ የሚታየውን ቁጥር ባልታሰረው እጁ መተየብ ብቻ። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ዋናው ሥራ፦ ያንኑ መቀነስ፣ መልሱን እየተየበ፣ ጊዜ እየተቆጠረበት፣ ሲሳሳት ቀይ ምልክት እየመጣና ከ1022 እየጀመረ። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ለግማሾቹ ተማሪዎች የማነጻጸሪያውንና የዋናውን ተራ ይገልብጡ፤ በመካከላቸውም 5 ደቂቃ ያሳርፉ። ሁልጊዜ ዕረፍት ቀድሞ ጭንቀት ከተከተለ ሞዴሉ ጭንቀትን ሳይሆን ‘ጣቱ ሴንሰሩ ላይ 15 ደቂቃ ሲቆይ የሚሆነውን’ ሊማር ይችላል፤ ጣት ይሞቃል፣ ቬልክሮ ይላላል።

በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ሰውየውን ራሱን ይጠይቁ፤ ከ0 እስከ 10። አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። በአማርኛ ‘ምን ያህል ጭንቀት አለብህ?’ ካሉት የቤት ኪራዩንም የፈተና ውጤቱንም ጨምሮ ይመልስልዎታል። ‘ባለፉት 5 ደቂቃዎች ምን ያህል ተወጥረህ ነበር?’ ይበሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የኮኸን የጭንቀት መጠይቅ ያለፈውን አንድ ወር ነው የሚጠይቀው፤ የ5 ደቂቃ ትርታን ከእሱ ጋር ማነጻጸር የዛሬን ዝናብ ከወሩ አየር ጋር እንደማስተያየት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ፣ 97 እና 55። እንደምገምተው መረጃውን በ60 ሰከንድ መስኮት፣ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ቆርጠውታል፤ ከዚያ መስኮቶቹን በዕጣ 80 ለ20 ከፍለዋል። በዚህ አካሄድ የአንዱ ተማሪ መስኮት እዚህም እዚያም አለ፤ ይባስ ብሎ የመደራረቡ 30 ሰከንድ ቃል በቃል ሁለቱም ውስጥ አለ። አንዱ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ 58፣ ሌላው 84 ይመታል፤ በሥራው ምክንያት የሚጨምረው ግን ብዙ ጊዜ 10 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ የሚማረው ‘ይህ ሰው ማን ነው’ የሚለውን ነው። ትክክለኛው አከፋፈል አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በ19ኙ ማሠልጠን፣ በሱ መፈተን፣ ይህንንም 20 ጊዜ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዌሳድ የተባለ ነጻ ዳታሴት በዚህ መንገድ ተፈትኖ ጭንቀትን ከሌላው በመለየት እስከ 93 በመቶ ደርሷል፤ ግን የደረት መሣሪያ ምልክቶችም ነበሩበት፣ ተሳታፊዎቹም 15 ብቻ ናቸው። ከጣት ብቻ በትክክለኛ አከፋፈል 75 በመቶ ካገኙ አይፈሩበት። የዌሳድ የአንጓ ትርታ በሰከንድ 64 የተነበበ ስለሆነ ኮድዎን በሱ መፈተን ይችላሉ፤ የራስዎን ዳታ ሳይነኩ።

ከዚያ ሁሉንም ከሰውየው ከራሱ ዕረፍት አንጻር ይግለጹ። እንበል ሲያርፍ ምቱ 68፣ አርኤምኤስኤስዲ 42፣ የሞገድ መጠኑ 2.4፤ ሲሠራ 79፣ 29 እና 1.3 ሆነ። ምቱ በ11 ጨመረ፤ አርኤምኤስኤስዲ በተፈጥሮ ሎጋሪዝም በ0.37 ወረደ፤ ሞገዱ በ46 በመቶ ጠበበ። ሎጋሪዝም የሚያስፈልገው ከ80 ወደ 60 መውረድና ከ25 ወደ 5 መውረድ አንድ ስላልሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ሌላውን ስለሚከተል፣ ልብ ሲፈጥን አርኤምኤስኤስዲ በራሱ ስለሚያንስ፣ እንደ ሁለት የተለያየ ማስረጃ አይቁጠሯቸው። ሦስተኛው በሌላ መንገድ የመጣ ምስክር ነው። ሦስቱም ባንድ አቅጣጫ ሲሄዱና ሰውየው ራሱም ከ2 ወደ 7 ሲል ያኔ የሚናገሩት ነገር አለዎት። በረጅሙ ሲተነፍስም የጣት ሞገድ ለጥቂት ሰከንድ ስለሚያንስ የሞገዱን መጠን በ5 ደቂቃ ሚዲያን ይውሰዱት።

የሴንሰርዎን ክፍተቶች ቢያንስ በ5 ሰዎች ላይ ከኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ከሚመዘግብ መሣሪያ) ጋር ያስተያዩ። ኤዲ8232 የሚባለው ርካሽ ሞጁል ይበቃል፤ ወይም እንደ ፖላር ኤች10 ያለ የደረት ቀበቶ፣ ክፍተቶቹን በብሉቱዝ የሚልክ። ኮሪሌሽን ብቻ አያምኑ፤ የሁለቱን ልዩነት ከአማካያቸው ጋር በግራፍ ያስቀምጡ። ሲያርፉ ጥሩ ገጥሞ ሲሠሩ ቢለያይ አይደንግጡ፤ ትርታው ከልብ እስከ ጣት የሚወስድበት ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ስለሚለዋወጥ የተወሰነው ልዩነት እውነተኛ ነው። ኢሲጂውን ሲያገናኙ ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ይሥራ።

አንድ ቁጥር ማውጣትስ? ይቻላል፤ ጋርሚን ከ0 እስከ 100 ያወጣል፣ ከ25 በታች ዕረፍት፣ ከ75 በላይ ከፍተኛ እያለ። ነገር ግን የፎቅ ደረጃ የወጣ፣ ፍቅረኛው የደወለችለትና ጠቅላላ ዕውቀት የሚፈተን ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። በፕሮጀክትዎ ‘ጭንቀት’ ከማለት ‘ከዕረፍት ጋር ሲነጻጸር የሰውነት መነቃቃት’ ቢሉ ፈታኞችዎ የሚይዙበት ቦታ አይኖራቸውም፤ ቁጥሩንም ለበሽታ ምርመራ አያቅርቡት።

የ20ዎቹን ተማሪዎች መረጃ ወዲያው አይጣሉት። ጥሬው የኢንፍራሬድ ንባብ ተቀምጦ ከሆነ ፍጥነቱን ለክተው፣ ዘዴውን ለውጠው ከሥር ጀምሮ እንደገና ማስላት ይችላሉ፤ የንግግሩ ችግር ግን እንዳለ ይቀራል፣ በሪፖርቱም ይጻፍ። የተቀመጠው በደቂቃ ስንት እንደመታ የሚለው ብቻ ከሆነ ከእሱ አርኤምኤስኤስዲ አይወጣም። ያኔ የልብ ምት ለውጡን ይያዙና ለቀረው 8 ወይም 10 ተማሪዎችን በአዲሱ አካሄድ መልሰው ይጥሩ።